አለቃዬ ስብሰባውን በጸሎት ይከፍታሉ፤ መነሳት አለብኝ?

ጥያቄ፦ ካዛንቺስ አካባቢ ባለ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ከተቀጠርኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። አዲሱ ኃላፊያችን የሰኞ ጠዋቱን ስብሰባ በጸሎት ነው የሚከፍቱት። ሁላችንም እንነሳለን፣ እሳቸው በእምነታቸው ይጸልያሉ፣ አሜን ብለን እንቀመጣለን። የእኔ እምነት ሌላ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ሳልነሳ ቀረሁ። ምንም አልተናገሩኝም። ግን ከዚያ በኋላ ስሜ በነበረበት ሥልጠና ላይ ሌላ ሰው ተላከ። ጸሐፊያቸው ደግሞ ለቤተ አምልኮ ማሠሪያ የመዋጮ ዝርዝር ይዛ ትዞራለች። ሕገ መንግሥቱ መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው ይል የለም? መጣላት አልፈልግም፤ እንጀራዬ ነው። ምን ላድርግ?

ምላሽ፦

እህቴ፣ መጀመሪያ አጭሩን ልመልስልሽ። የመነሳት ግዴታ የለብሽም። ባለመነሳትሽ የጣስሽው ሕግ የለም። በሥራ ሰዓት፣ በመንግሥት አዳራሽ፣ በኃላፊነት ወንበር ላይ ሆኖ ሠራተኛን ለጸሎት ማስነሳት ነው ከመስመር የወጣው። መዋጮውም ግዴታ አይደለም። የሥልጠናው ነገር ለብቻው መታየት አለበት፤ እመጣበታለሁ።

የአንቺንም የአለቃሽንም ሃይማኖት ስም አለመጥራትሽን ወደድኩት። ብዙ ሰው እንዲህ ዓይነት ነገር ሲሰማ መጀመሪያ የሚጠይቀው “የየትኛው እምነት ናቸው?” ብሎ ነው። ሕጉን የሚያስታውሰው ያንን ካወቀ በኋላ ነው። አሜን የሚለውን ቃል ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ይለዋል። ስለዚህ እኔም አላወቅኩም፣ ማወቅም አያስፈልገኝም። መልሴ በየትኛውም በኩል ያው ነው።

አሁን ወደ ሕጉ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 ሦስት አጫጭር ነገሮች ይላል። መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው። መንግሥታዊ ሃይማኖት አይኖርም። መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ ጣልቃ አይገባም፣ ሃይማኖትም በመንግሥት ጉዳይ ጣልቃ አይገባም። ሰው ሁሉ የሚጠቅሰው ይኼን ነው። ለአንቺ ግን የበለጠ የሚጠቅምሽ አንቀጽ 27 ነው። እዚያ ላይ ማንም ሰው የፈለገውን እምነት የመያዝ፣ ለብቻው ወይም ከሌሎች ጋር ሆኖ በይፋም በግልም የማምለክ መብት አለው። ንዑስ አንቀጽ 3 ደግሞ ይኼን ነፃነት በኃይልም ይሁን በሌላ መንገድ አስገድዶ መገደብ አይቻልም ይላል።

“በሌላ መንገድ” የምትለዋን ልብ በያት። ማስገደድ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ዱላና እስር ነው። መሥሪያ ቤት ውስጥ ግን ዱላ አያስፈልግም። የሥራ አፈጻጸም ነጥብሽን የሚሞላው ሰው ቆሞ “እንነሳ” ካለ፣ ማን ይቀመጣል? ሃያ ሰው ተነስቶ አንዷ ስትቀመጥ ወንበሩ ራሱ ይናገራል። አለቃሽ ክፉ ሰው ናቸው እያልኩ አይደለም። ምናልባት ከልባቸው የሚጸልዩ፣ ሥራው እንዲባረክ የሚመኙ ደግ ሰው ይሆናሉ። ጉዳዩ ደግነታቸው አይደለም። ማኅተሙ እጃቸው ላይ ነው።

እኔ በሃያ ምናምን ዓመት የጥብቅና ሥራዬ ይኼን ነገር የምለካው በዚች ብቻ ነው። ማኅተም የያዘ ሰው ሌላውን ሰው ወደ ራሱ እምነት ሊጠራ አይችልም፣ ማኅተሙን እስካላስቀመጠ ድረስ። ከሥራ ሲወጣ፣ ሰፈሩ ሲገባ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ወይም መስጊዱ ሲደርስ እንደማንኛችንም ሙሉ መብት አለው። ይስበክ፣ ይጹም፣ ይዘምር፣ ያስተምር። ቢሮውም ውስጥ ቢሆን ወንበሩ ላይ ሆኖ ለራሱ ቢጸልይ ማንም አይከለክለውም። ክሩን ያስር፣ ኮፍያውን ያድርግ፣ መስቀሉን ያንጠልጥል። ያ እሱ ራሱ ለፈጣሪው የሚያደርገው ነው። ሠራተኞቹን ሰብስቦ ሲያስነሳ ግን የሚናገረው ወንበሩ ነው፣ ወንበሩ ደግሞ የመንግሥት ነው።

አንድ ያየሁትን ልንገርሽ። አራት ኪሎ አካባቢ አንድ ቢሮ ነው፤ ስሙ ይቅር። የደንበኛዬን ሰነድ ለማረጋገጥ ወረፋ ይዣለሁ። ከፊቴ አንድ አዛውንት አሉ። እጃቸው ላይ መቁጠሪያ አለ፣ ቀስ እያሉ ይቆጥራሉ። ተራቸው ደርሶ መስኮቱ ጋ ሲጠጉ ቀና ብለው ግድግዳውን አዩት። ከሠራተኛዋ ጀርባ ግድግዳው ሙሉ የሃይማኖት ሥዕልና ጥቅስ ነው። የእሳቸው እምነት አይደለም። ጣታቸው ቆመ። መቁጠሪያውን ጠቅለል አድርገው ወደ ኮታቸው ኪስ ከተቱት። ከዚያ ነው ፎርሙን ያቀረቡት።

ሠራተኛዋ ምንም አልበደለቻቸውም። እንዲያውም “አባቴ እዚህ ጋ ይፈርሙ” እያለች በትሕትና ነው ያስተናገደቻቸው። ሥዕሉንም የሰቀለችው ለመጣው ሰው ብላ አይደለም፣ ለራሷ መጽናኛ ነው። ግን እኚያ ሰው ፎርሙን ከማንበባቸው በፊት ግድግዳውን አነበቡ። በገዛ አገራቸው፣ በከፈሉት ግብር በተሠራ ቢሮ ውስጥ፣ መቁጠሪያቸውን ደበቁ። መቁጠሪያ ሙስሊሙም ኦርቶዶክሱም ይይዛል፤ የየትኛው እንደነበሩ አልጽፍም። ዓመታት አልፈዋል፣ የዚያ ኮት ኪስ ግን እስካሁን ይታየኛል። አንቀጽ 11 ለምን ተጻፈ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የሚታወሰኝ ያ ኪስ ነው።

“ድሮ እኮ አብረን ስንኖር እንዲህ ዓይነት ክርክር አልነበረም” የሚሉሽ ይኖራሉ። አብሮ መኖሩ እውነት ነው፤ ፒያሳ ሄደሽ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን እስከ ቤኒን መስጊድ ያለውን መንገድ በእግርሽ ብትሄጂ ይገባሻል። እኩልነቱ ግን ሌላ ነገር ነው። የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 126 የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን አድርጎ፣ ንጉሠ ነገሥቱም ሁልጊዜ የዚያው እምነት ተከታይ እንዲሆን ደንግጎ ነበር። ሌላው ሰው አምልኮው አይከለከልም፣ ግን የቤቱ ልጅ አይደለም። “ሃይማኖት የግል ነው፣ አገር የጋራ ነው” የሚለው አባባል የዚያ ዘመን እንደሆነ ይነገራል። አባባሉ ከሕጉ ይሻል ነበር።

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 በዚሁ በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ እጅግ ብዙ ሙስሊሞች፣ ከእነሱም ጋር ክርስቲያኖች፣ ሰልፍ ወጡ። ከጥያቄዎቻቸው መካከል ሃይማኖትና መንግሥት ይለያዩ፣ የእኛም በዓላት ይከበሩልን የሚሉ ነበሩ። ዛሬ ዒድ አል ፈጥርና ዓረፋ ሲመጣ ሁላችንም ቤታችን እንውላለን። ይኼ እንደ ተፈጥሮ ነገር ይመስለናል። ሰው መንገድ ወጥቶ ጠይቆት የመጣ ነው። በዓላቱ በአዋጅ የታወቁት ደርግ ከመጣ በኋላ ነው።

ደርግ መለየቱን ተቀበለ። ግን መለየት ማለት ለእሱ መርገጥ ነበር። ለመንግሥት ቅርብ የነበረችው ቤተ ክርስቲያን እንኳ አልተረፈችም። መሬቷ ተወረሰ። ፓትርያርኳ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1968 ከመንበራቸው ወርደው ታሰሩ፣ በ1971 ተገደሉ። በዚያው ዓመት የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ታፍነው ተወስደው ተገደሉ። መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ1974 ተዘጋች፣ መሪዎቿ ታሰሩ። እነዚህን ስሞች የምጠራልሽ ለሐዘን ብቻ አይደለም። መንግሥት በሃይማኖት ውስጥ እጁን ሲያስገባ የሚጎዳው ሌላው ብቻ እንዳይመስልሽ ብዬ ነው። ዛሬ ወንበሩ የእኛ ነው የሚል ሰው ነገ ወንበሩ ሲዞር ምን ይይዛል?

ከ1987 ወዲህም ነገሩ አላለቀም። በ2004 ሙስሊሞች “ድምፃችን ይሰማ” ብለው ለወራት የጠየቁት መንግሥት በመጅሊሳችንና በትምህርታችን ጣልቃ ገባ ብለው ነው። የጥያቄው አስተባባሪ የነበሩት የኮሚቴ አባላት ታስረው በ2007 ከ7 እስከ 22 ዓመት ተፈረደባቸው፣ በኋላ ተለቀቁ። በጥር 2015 ደግሞ ከቅዱስ ሲኖዶስ ፈቃድ ውጭ የጳጳሳት ሹመት ሲደረግ ኦርቶዶክሳውያን መንግሥት እጁን ከቤታችን ያውጣ አሉ። ቃላቱን አስተያዪ። ሁለቱም ቤት የጠየቀው አንድ አንቀጽ ነው፣ ያውም አንቀጽ 11ን።

በወረቀት ላይ ያለው እኩልነት እንኳ ስንት ጊዜ እንደፈጀ አንድ ምሳሌ ልጨምር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 398 ለኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በቀጥታ የሕግ ሰውነት ሰጣት። የእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤትና የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ካውንስል በየራሳቸው አዋጅ ሕጋዊ ሰውነት ያገኙት በ2012 ነው። ስልሳ ዓመት።

“ታዲያ መንግሥት ለምን አርብ አርብ የሶላት ሰዓት ይሰጣል? እሱስ ጣልቃ መግባት አይደለም?” ብለው ብዙዎች ይጠይቁኛል። የአንቺም አለቃ ይኼን ሊያነሱብሽ ይችላሉ፣ ተዘጋጂበት። እንደምታውቂው በመንግሥት መሥሪያ ቤት አርብ ከ5፡30 እስከ 7፡30 እረፍት ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ። ሙስሊሙ ጁምዓ ሰግዶ ይመለሳል። ክርስቲያኑ ምሳውን ይበላል፣ ጉዳዩን ይጨርሳል፣ የፈለገም ይተኛል። ማንም ስሙን አይመዘግብም። በሩ ተከፈተ እንጂ ማንም ተገፍቶ አልገባም። የሰኞው ጸሎት ግን በሩን ዘግቶ ውስጥ ያለውን ሁሉ የሚያስነሳ ነው። ልዩነቱ ይኼው ነው፤ ሃይማኖት ከቢሮ ሙሉ በሙሉ ይጥፋ ያለ ሕግ የለም።

ነፃነቱ ገደብ የለውም ማለትም አይደለም። የልብ እምነትን ማንም ሊገድብ አይችልም። እምነትን በተግባር መግለጽ ግን አንቀጽ 27 ንዑስ አንቀጽ 5 ላይ ወሰን አለው። ወሰኑ በሕግ መጻፍ አለበት። ምክንያቱም ከተዘረዘሩት አንዱ መሆን አለበት፦ የሕዝብ ደኅንነት፣ ሰላም፣ ጤና፣ ትምህርት፣ ሞራል፣ የሌሎች መብት፣ እንዲሁም መንግሥት ከሃይማኖት ነፃ መሆኑን ማረጋገጥ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የአንቺን ጉዳይ በቀጥታ ይነካሉ።

አሁን ስለ ዝምታ ላውራሽ። “ሁሉም እኮ ወዶ ነው የሚነሳው፣ ማንም አልተቃወመም” ይሉሻል። ዝምታ ፈቃድ ነው ማለታቸው ነው። ሕጋችን በዚህ ላይ አንድ ትልቅ ትምህርት አለው፣ ከሸሪዓ ፍርድ ቤት ጉዳይ የመጣ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ንዑስ 5 መሠረት የቤተሰብና የግል ጉዳይ ክርክር በሃይማኖት ሕግ ሊዳኝ የሚችለው ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ ብቻ ነው። ከሃያ ዓመት በላይ ይሆነዋል፣ አንዲት የአዲስ አበባ ሴት በውርስ ቤት ክርክር ሸሪዓ ፍርድ ቤት ተጠራች። ሙስሊም ናት። ግን በዚህ ፍርድ ቤት ልዳኝ አልፈቅድም አለች። ፍርድ ቤቱ አልተቀበላትም፣ አይቶ ፈረደባት። ጉዳዩ ከፍርድ ቤት ፍርድ ቤት ዞሮ በመጨረሻ ሕገ መንግሥቱን የሚተረጉመው ፌዴሬሽን ምክር ቤት ደረሰ። ምክር ቤቱ በ1996 ፈቃዷን ሳትሰጥ የተሰጠው ውሳኔ ሕገ መንግሥቱን ይፃረራል ብሎ ሻረው።

ይኼ ውሳኔ ሸሪዓን የነካ የሚመስላቸው አሉ። አልነካም። ፍርድ ቤቱ ዛሬም ይሠራል፣ ፈቅዶ የሚሄድ ሰው ይዳኝበታል፣ ለብዙ ቤተሰብም ፈጥኖ የሚፈታ ነው። ውሳኔው ያለው ፈቃድ ከሰውዬው አንደበት ይውጣ ነው። የአንዱ እምነት ተከታይ መሆንሽ ብቻ እንኳ እንደ ፈቃድ አይቆጠርም፤ የሌላ እምነት ተከታይ ሆነሽ ዝም ማለትሽማ እንዴት ይቆጠራል? (እግረ መንገዴን፦ ሸሪዓ ፍርድ ቤት መጥሪያ የደረሰው ሰው መዳኘት ባይፈልግ ቀርቦ ይናገር። መጥሪያ ተቀብሎ መቅረት በ1992ቱ አዋጅ እንደ መፍቀድ ይወሰዳል። ቤታቸው ቁጭ ብለው የተፈረደባቸው ሰዎች ያጋጥሙኛል።)

ወደ ተግባሩ እንግባ። መጣላት አልፈልግም ብለሻል፣ ልክ ነሽ። ስለዚህ በቅደም ተከተል አስቢው።

መጀመሪያ አለቃሽን ለብቻቸው አግኚያቸው። በስብሰባ መሃል አይሆንም፣ ሰው ፊት ማንም ሰው ሐሳቡን አይቀይርም። ስለ ጸሎታቸው ትክክለኛነት አትከራከሪ፣ ስለ ሃይማኖታቸውም አንዲት ቃል አትናገሪ። እንዲህ በያቸው፦ “ጸሎትዎን አከብራለሁ። እኔ ደግሞ በራሴ እምነት ነው የምጸልየው። ስብሰባው ላይ አብሬ ስነሳ ሁለታችንንም የማታልል ስለሚመስለኝ ነው የተቀመጥኩት። ንቀት እንዳይመስልብኝ።” እምነት ያለው ሰው ይኼን ንግግር ይረዳዋል። እምነት ምን ያህል እንደሚከብድ ያውቃልና። ካቅማሙ አንድ መውጫ ስጫቸው፤ ሰው ፊቱን የሚያድንበት በር ካገኘ ይወጣል። በየመሥሪያ ቤቱ የለመድነው የአንድ ደቂቃ የኅሊና ጸሎት አለ አይደል? ስብሰባውን በእሱ ይክፈቱት። ድምፅ የለውም፣ ሁሉም በልቡ ወደ ራሱ ፈጣሪ ይሄዳል። የማይጸልይም ካለ ሐሳቡን ይሰበስባል።

ሁለተኛ፣ ከአለቃሽ እምነት ተከታዮች መካከል በነገሩ ያልተመቸው ሰው ፈልጊ። አለ፣ እመኚኝ። ጸሎቱ ለሹመት ማማሪያ መሆኑ የሚያሳዝነው አማኝ ሁልጊዜ አለ። የእሱ አንዲት ቃል ከአንቺ አሥር ማመልከቻ ይበልጣል። ወደ ራስሽ የሃይማኖት ወገኖች ሄደሽ ቡድን አታሰባስቢ። ያኔ ጉዳዩ የመብት መሆኑ ይቀርና የሁለት እምነት ፉክክር ይሆናል፣ ከዚያ ማንም አያወጣሽም። ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ ስማቸውን ጠቅሰሽ መጻፍም እንደዚያው ነው።

መዋጮው ላይ ብዙ አልቆይም። “አሁን አልችልም” በቂ ነው። ያለ ጽሑፍ ፈቃድሽ፣ ያለ ሕግ ወይም ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ ከደመወዝሽ አንዲት ብር ሊቆርጡ አይችሉም። ዝርዝሩ ላይ አለመፈረም መልስ ነው።

ሥልጠናው ግን ከሁሉም ይከብዳል። ጸሎቱ ቅር የሚያሰኝ ነገር ነው። በእምነትሽ ምክንያት ከዕድል ተገፍተሽ ከሆነ ግን በሕግ ፊት አድልዎ ነው፣ አንቀጽ 25 በግልጽ ከልክሎታል። ችግሩ ማስረጃው ነው። የሌላ ሰው መላክ ሌላ ምክንያት ሊኖረው ይችላል፣ ስለዚህ በመክሰስ አትጀምሪ። ለሰው ሀብት አጭር ማመልከቻ ጻፊ፦ ስሜ በዝርዝሩ ላይ ነበር፣ የተቀየረበት መስፈርት ይገለጽልኝ። ሃይማኖት የሚለውን ቃል አታንሺ። ደብዳቤውን በመዝገብ ቤት አስገቢ፣ ግልባጭሽ ላይ ገቢ ማኅተም አስመቺ። እንደዚህ ያለው ማኅተም ደግሞ የአንቺ ነው። ከዛሬ ጀምረሽ በደብተር ቀን ጻፊ፦ መቼ ሳትነሺ ቀረሽ፣ መቼ ዝርዝሩ ወጣ፣ መቼ ተቀየረ፣ ማን ምን አለሽ። በስልክ ድብቅ ቀረጻ ውስጥ አትግቢ።

መልስ ካልመጣ ወይም መልሱ ካላሳመነሽ በመሥሪያ ቤትሽ ያለው ቅሬታ አጣሪ ኮሚቴ አለ። ቀነ ገደብ አለውና አታሳድሪው። እዚያ ካልተፈታ፣ ጉዳዩ በሥልጣኑ ሥር የሚወድቅ ከሆነ ወደ ሲቪል ሰርቪሱ የአስተዳደር ፍርድ ቤት ይግባኝ ይቻላል። ከዚህ ውጭ ለኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ወይም ለእንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ማለት ትችያለሽ። ጠበቃ መያዝ አይጠበቅብሽም። የግል ድርጅት ሠራተኛ ሆነው ይኼን የምታነቡ ደግሞ የእናንተ መንገድ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ነው። አንቀጽ 11 የግል ባለቤትን እንደ መንግሥት አያስረውም፣ ነገር ግን በሃይማኖት ምክንያት ማበላለጥም ሆነ ከሥራ ማሰናበት በዚያም ክልክል ነው።

እስከዚያው የሚቀጥለው ሰኞ ይመጣል። ምን ላድርግ ካልሺኝ፣ በጸጥታ ተቀመጪ። ስልክ አትነካኪ፣ ወረቀት አታገላብጪ፣ ከጎንሽ ካለው ሰው ጋር አታውሪ። እነሱ ለፈጣሪያቸው የሚሰጡትን ክብር አታቋርጪ። የሌላውን ጸሎት መረበሽ በወንጀል ሕጉም ሊያስጠይቅ ይችላል። አሜን ሲሉ አንቺ አጀንዳው ላይ ነሽ። ከሁሉም የሚሻለው ግን ከሰኞ በፊት መነጋገሩ ነው። ከሰኞ በፊት አርብ አለ። ከ5፡30 በኋላ ቢሮው ጸጥ ይላል። አለቃሽ ምሳ ከመውጣታቸው በፊት በሩን አንኳኪና አሥር ደቂቃ ጠይቂያቸው።